ልብስ ሰፊዋ የተናገረችው፣ ተማሪዎች የደረሱበት

የዛሬው የጤና ትምህርታችን መነሻው ከአንዲት እኅታችን የደረሰን ጥያቄ ነው። ጥያቄዋ በአጭሩ እንዲህ ይላል፦ «አክስቴ በሆድ ሕመም ሞተች። አሁን ደግሞ እናቴ አንጀቷ ውስጥ ነቀርሳ ተገኘባት አሉኝ። ይህ በሽታ በዘር ይወረሳል ወይ? እኔስ ምን ላድርግ?» እኅታችንን ያስለቀሳት የእናቷ መታመም ብቻ አልነበረም። አክስቷ ከሞቱ ሁለት ዓመት ሊሆናቸው ነው፤ ቤተሰቡ ግን «በሰው አገር ብቻዋን ምን ትሆናለች» ብሎ መርዶውን ደብቆባት ነበር። በምን እንደሞቱ ስትጠይቅም «ሆዷን ነበር የሚያማት» ከሚል በቀር መልስ አላገኘችም።

እኛም መልሱን ለማዘጋጀት ስናነብ ያላሰብነው ነገር ገጠመን። ነቀርሳ (ካንሰር) በአንዳንድ ቤተሰብ ውስጥ ከወላጅ ወደ ልጅ እንደሚተላለፍ ለዓለም ያሳወቀው ታሪክ የጀመረው በትልቅ መሣሪያ አይደለም። ከአንዲት ልብስ ሰፊ ሴት አፍ ተጀምሮ፣ ገና በሥልጠና ላይ ባሉ ሐኪሞችና በተማሪዎች እጅ ነው ያደገው። ስለዚህ ለእኅታችን መልስ ከመስጠታችን በፊት ታሪኩን እንድታውቁት ወደድን። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ የኢትዮጵያ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1895 በአሜሪካ ሚሺጋን ውስጥ አን አርበር በምትባል ከተማ ዶክተር አልድሬድ ዋርቲን የሚባሉ የዩኒቨርሲቲ ሐኪም ነበሩ። ሥራቸው ከታመመ ሰው የተወሰደ ሥጋን በአጉሊ መነጽር መመርመር ነበር። ልብስ የምትሰፋላቸው አንዲት ሴት ነበረች፤ አንድ ቀን አዝና ቢያገኟት ምን እንደሆነች ጠየቋት። እርሷም ዛሬ ጤነኛ ብትሆንም ዕድሜዋ አጭር እንደሚሆን እንደምታውቅ ነገረቻቸው። ከዘመዶቿ ብዙዎቹ በሆድ፣ በአንጀትና በማሕፀን ነቀርሳ ስለሞቱ እርሷም በዚያው መንገድ እንደምትሄድ ታምን ነበር።

ሌላ ሰው ቢሆን «አይዞሽ፣ አትፍሪ» ብሎ ያልፋት ነበር። ዶክተር ዋርቲን ግን ነገሩን ያዙት። ከጀርመን ፈልሶ የመጣውን የዚህን ቤተሰብ የትውልድ ሐረግ መጻፍ ጀመሩ፤ ማን ከማን እንደተወለደ፣ ማን በስንት ዓመቱ በምን እንደሞተ እየጠየቁ መዘገቡ። የደረሱበትን በ1913 አሳተሙት። የሕክምና መጻሕፍት ይህን ቤተሰብ «ቤተሰብ ጂ» እያሉ ይጠሩታል። ልብስ ሰፊዋም እንደፈራችው በማሕፀን ነቀርሳ ሞተች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንል ማለፍ አልቻልንም። ይህች ሴት ሊቅ አልነበረችም፤ በመርፌዋ የምትተዳደር ሠራተኛ ነበረች። ከሐኪሙ በፊት በሽታውን ያወቀችው ግን እርሷ ናት፤ ምክንያቱም የለቅሶ ቤቱን ሁሉ የቆጠረችው እርሷ ነበረች። እናንተ እኅቶቻችን በምትሠሩበት ቤት ፊታችሁን አይቶ «ምን ሆነሻል?» የሚል ሰው ስንት ጊዜ ገጠማችሁ?

ከዚህ በኋላ ነገሩ ለረጅም ዓመታት ብዙ ሰሚ አላገኘም። እንደገና ያነሣው ሄንሪ ሊንች የሚባል ወጣት ነው። የሊንች ታሪክ ራሱ የሚያስገርም ነው። ትምህርቱን ገና በልጅነቱ አቋርጦ፣ ዕድሜውን ዋሽቶ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ገባ። ከዚያ ወጥቶ ቦክሰኛ ሆነ። ወደ ትምህርት የተመለሰው ዘግይቶ ሲሆን፣ መጀመሪያ የዘር ውርስ ጥናት ተማረ፤ በኋላ ሕክምና አጠና። በ1962 በኔብራስካ፣ ኦማሃ ከተማ፣ በአንድ ሆስፒታል ገና ሬዚደንት ሆኖ ሲሠለጥን፣ በመጠጥ ብዛት የታመመ አንድ ሰው ተመድቦለት ነበር። ለምን ይህን ያህል እንደሚጠጣ ጠየቀው። ሰውየውም ቤተሰቡ ሁሉ በአንጀት ነቀርሳ እንደሚያልቅ፣ እርሱም በዚያው እንደሚሞት ስለሚያውቅ እንደሚጠጣ ነገረው።

ተመልከቱ፤ በ67 ዓመት ልዩነት፣ በሁለት የተለያዩ ከተሞች፣ ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ነገር ተናገሩ። በሁለቱም ጊዜ የሰማ ሰው ተገኘ።

ሊንች ከማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛዋ ከአን ክረሽ ጋር ሆኖ የሰውየውን ዘመዶች አንድ በአንድ ማፈላለግ ጀመረ። ዘመድ በሚሰበሰብበት ሁሉ እየሄደ ጠየቀ፣ ጻፈ። በ1966 ይህን የኔብራስካ ቤተሰብና ሌላ የሚሺጋን ቤተሰብ የያዘ ጥናት አወጡ። ብዙዎቹ ሊቃውንት ግን አልተቀበሉትም። በዚያ ዘመን ነቀርሳ ከአካባቢ ይመጣል እንጂ በዘር ይሄዳል ቢሉ የሚያምን ጥቂት ነበር፤ ለምርምሩ ገንዘብ ሲጠይቅም ተደጋግሞ ተከለከለ። የዋርቲንን የድሮ መዝገብ ግን ከሚሺጋን ሰጡት፤ ያን የልብስ ሰፊዋን ቤተሰብ እንደገና አጥንቶ በ1971 አሳተመ። ዛሬ በሽታው በስሙ «ሊንች ሲንድሮም» ይባላል። ዶክተር ሊንች በ2019 በ91 ዓመታቸው ዐረፉ።

ለመሆኑ የሚወረሰው ምንድን ነው? ነቀርሳው ራሱ አይወረስም። የሚወረሰው የአንድ ጂን ጉድለት ነው። ይህን ለማስረዳት ቁም ጸሐፊን እናስብ። ሰውነታችን ዘወትር አዳዲስ ሴሎችን ይሠራል፤ ሴል በተሠራ ቁጥር ዲ.ኤን.ኤ የሚባለው የሰውነት መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር ይገለበጣል። ቁም ጸሐፊ ደግሞ ይሳሳታል፣ በተለይም አንድ ቃል አሥር ጊዜ ተደጋግሞ በሚመጣበት ቦታ ቁጥር ይጠፋበታል፤ ዘጠኝ ወይም አሥራ አንድ አድርጎ ይጽፈዋል። ስለዚህ ከኋላው የሚከታተል አራሚ አለ። የዚህ አራሚ ጂን ለእያንዳንዳችን ሁለት ነው፤ አንዱን ከእናታችን፣ ሌላውን ከአባታችን ወስደናል። ሊንች ሲንድሮም ያለበት ሰው ከሁለቱ አንዱ የተበላሸ ሆኖ ይወለዳል። ሁለተኛው እስከሠራ ድረስ ችግር የለም። አንድ ቀን በአንዲት ሴል ውስጥ ሁለተኛውም የተበላሸ እንደሆነ ግን ስሕተቱ ሳይታረም ይከማቻል፤ ነቀርሳም ከዚያ ይነሣል።

የሚያስደንቀው፣ ይህ ጉድለት ከአራሚው መሆኑን ለማሳየት ትልቅ ድርሻ ያለው ሥራ የተሠራው በእርሾ ላይ መሆኑ ነው! በ1993 በተለያዩ ቦታዎች ያሉ ሐኪሞች በአንዳንድ የአንጀት ነቀርሳዎች ውስጥ እነዚያ ተደጋጋሚ ቃላት ቁጥራቸው እንደተዛባ አገኙ፤ ምክንያቱን ግን አላወቁትም። በዚያው ዓመት በኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ በፕሮፌሰር ቶማስ ፒትስ ቤተ ሙከራ ሚሼሊን ስትራንድ የምትባል ተማሪ በእርሾ ላይ ምርምር ትሠራ ነበር። የእርሾውን የአራሚ ጂን ስታበላሸው ተደጋጋሚዎቹ ቃላት በጣም ይዛቡ ጀመር። እርሷና ባልደረቦቿም ከእርሾው ተነሥተው በሰዎች ነቀርሳ ውስጥም የተበላሸው አራሚው ሊሆን እንደሚችል ጻፉ። ዓመቱ ሳያልቅ፣ በታኅሣሥ ወር ሁለት ቡድኖች ከአራሚዎቹ አንዱ የሆነውን ኤም.ኤስ.ኤች.2 የተባለውን ጂን በሰው ውስጥ አገኙት፤ በቀጣዩ ዓመት ኤም.ኤል.ኤች.1 ተከተለ። (በነገራችን ላይ የእርሾው ዓይነት እንግዳ አይደለም፤ ዳቦ የሚያነሣው ነው፣ በጠላችን ጥንስስም ውስጥ አለ።)

የጡት ነቀርሳም የራሱ ታሪክ አለው። ሜሪ ክሌር ኪንግ የሚባሉ ሴት ተመራማሪ የጡት ነቀርሳ በሚበዛባቸው 23 ቤተሰቦች ላይ ባደረጉት ጥናት በ1990 የበሽታው ጂን በ17ኛው ክሮሞዞም ላይ እንዳለ አሳዩ። ጂኑ ራሱ፣ ማለትም ብራካ 1፣ በ1994 ተገኘ፤ ብራካ 2 ደግሞ በ1995። እነዚህ ሁለቱ ከጡት ሌላ የእንቁልጢ ነቀርሳንም ያመጣሉ። ይህ ራሱን የቻለ ሰፊ ትምህርት ስለሆነ ዛሬ ከዚህ አናልፍም።

እንግዲህ ወደ እኅታችን ጥያቄ እንመለስ። በቅድሚያ ልብ እንድትሉ የምንፈልገው አብዛኛው ነቀርሳ በዘር የማይመጣ መሆኑን ነው። በጥቅሉ ከመቶ ከ5 እስከ 10 የሚሆነው ብቻ ነው ከወላጅ በተወረሰ ጂን የሚነሣው። አንድ አክስት በሰባ ዓመታቸው በነቀርሳ ስለሞቱ ቤተሰቡ ሁሉ ተያዘ ማለት አይደለም። ሐኪሞችን የሚያነቃቸው ሌላ ምልክት ነው። በ1990 አምስተርዳም ላይ የተሰበሰቡ ሊቃውንት ሊንች ሲንድሮምን ለመጠርጠር ቀላል መለያ አውጥተዋል፤ በኋላ ተሻሽሎ ማሕፀንንም ጨምሯል። ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ ብላችሁ ያዙት፦ በአንጀት ወይም በማሕፀን ነቀርሳ የታመሙ ሦስት የቅርብ ዘመዶች ሲኖሩ፤ ሁለት ተከታታይ ትውልድ ሲነካ፤ ቢያንስ አንዱ ሰው 50 ዓመት ሳይሞላው ታሞ ከሆነ። ይህን ሳያሟሉም ጉድለቱ ያለባቸው ቤተሰቦች አሉ፤ ስለዚህ ሁለት ሰው ብቻ ቢሆንም ለሐኪም መንገር ይገባል።

ጉድለቱ ያለበት ወላጅ ለእያንዳንዱ ልጁ የማስተላለፍ ዕድሉ እኩል በእኩል ነው፤ ሳንቲም ወደ ላይ እንደ መወርወር። ወንድም ሴትም ይወርሳል፣ ወንድም ሴትም ያወርሳል። ብዙዎች «የሴት በሽታ ስለሆነ በእናት በኩል ብቻ ነው» ይላሉ፤ ስሕተት ነው። የአባት እኅትም ትቆጠራለች።

ቀድሞ ማወቁ ምን ይጠቅማል? ይህን ጥያቄ ብዙዎች «ካልዳንኩ ማወቁስ ለምኔ» በማለት ያነሡታል። መልሱን የሰጠው በፊንላንድ የተደረገ ጥናት ነው። ሊንች ሲንድሮም ካለባቸው ቤተሰቦች 252 ሰዎችን ለ15 ዓመታት ተከታተሉ። ከመካከላቸው 133ቱ በየሦስት ዓመቱ በኮሎኖስኮፒ ተመረመሩ፤ 119ኙ አልተመረመሩም። በ2000 የወጣው ውጤት እንዲህ ነበር፦ ካልተመረመሩት 9 ሰዎች በአንጀት ነቀርሳ ሲሞቱ፣ ከተመረመሩት አንድም ሰው በዚህ በሽታ አልሞተም። ኮሎኖስኮፒ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በፊንጢጣ በኩል አስገብቶ ትልቁን አንጀት ማየት ነው። ፖሊፕ የሚባል ትንሽ የሥጋ ጉጥ ከተገኘ እዚያው ይቆረጣል፤ ነቀርሳ ሳይሆን ይወገዳል ማለት ነው። በሌላው ሰው ፖሊፕ ነቀርሳ ለመሆን አሥር ዓመት ገደማ ይፈጅበታል፤ ሊንች ሲንድሮም ባለበት ሰው ግን ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ሊበቃው ይችላል። ስለሆነም ሐኪሞች እንዲህ ላለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 25 ዓመት ዕድሜው ጀምሮ በየአንድ ወይም በየሁለት ዓመቱ እንዲታይ ያዛሉ። ለሴቶች ደግሞ ከወር አበባ ውጪ የሚመጣ ደም፣ በተለይም የወር አበባ ከቆመ በኋላ የሚታይ ደም፣ ፈጽሞ የማይናቅ ምልክት ነው።

የጂን ምርመራው ውድ ነው፤ ሁሉ ቦታም አይገኝም። የመጀመሪያው ምርመራ ግን ገንዘብ አይጠይቅም። በዚህ ሙያ የሚሠለጥን ተማሪ በመጀመሪያ ከሚማራቸው ነገሮች አንዱ የትውልድ ሐረግ መሣል ነው። ወንድ በአራት ማዕዘን፣ ሴት በክብ ይሣላል፤ የታመመው ይጠቆራል፤ የሞተው ላይ ሰያፍ መሥመር ይሰመርበታል፤ ከሥሩ ዕድሜው ይጻፋል። ደብተርና እርሳስ ያላት ሁሉ ልትሠራው ትችላለች። ከባዱ መሣሉ አይደለም፣ መጠየቁ ነው።

ለምን ይከብዳል? የእኛ ቤተሰቦች የዚህን በሽታ ስም አይጠሩም። «ያ ክፉ በሽታ» ይባላል፣ ወይም «ሆዷን ነው» ይባላል፣ ወይም ጭራሹን ዝም ይባላል። ባሕር ማዶ ላለ ልጅ ደግሞ ሞቱም ይደበቃል። በፍቅር የሚደረግ መሆኑን እናውቃለን፤ ነገር ግን ያ የተደበቀው ነገር ልጅቷን ከሞት የሚያድናት ወሬ ሊሆን ይችላል። ሌላም አለ። እኛ የምንጠራው በአባታችን ስም ነው እንጂ ከትውልድ ትውልድ የሚሄድ የቤተሰብ ስም የለንም። የአያታችንን የእናት ወገን ለማግኘት የሚያስታውስ ሰው ያስፈልጋል፤ የሚያስታውሱትም እናቶች ናቸው።

ስለዚህ እሑድ ስልክ ስትደውሉ እንዴት እንደምትጠይቁ እንጠቁማችሁ። «ነቀርሳ ያለበት አለ ወይ?» ብላችሁ ብትጀምሩ «እግዚኦ! ምን አመጣሽብን!» ተብሎ ስልኩ ይዘጋል። ስለ ሰዎቹ ጀምሩ። እማማ እገሊት እንዴት ነበረች? ምን ያማት ነበር? ትከሳ ነበር? ደም ይፈሳት ነበር? ኦፕራሲዮን ተደርጋ ነበር? የት ሆስፒታል? ዕድሜን በተመለከተ እናቶቻችን የተወለዱበትን ዓመት ብዙ ጊዜ አያውቁም፤ ነገር ግን ሌላውን ሁሉ ያውቃሉ። «በ77ቱ ድርቅ ጊዜ ነው? ደርግ ሲወርድ ነው? ስትታመም ታናሽ ልጇ ስንተኛ ክፍል ነበር?» ብትሏቸው ዕድሜው ተሰልቶ ይወጣል። ስትጽፉም «አክስት» ብላችሁ አትለፉ፤ የእናት እኅት ናት ወይስ የአባት? ዐረቦች በዚህ ይበልጡናል፤ የእናት እኅት «ኻላ»፣ የአባት እኅት «ዓማ» ነች፤ እናንተም በየቤቱ ስትሰሙት ትውላላችሁ።

ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ ሌላ ችግር እንዳለ እናውቃለን። አስተርጓሚዋ ብዙ ጊዜ ማዳም ነች። ብዙዎቻችሁ «ቤተሰቤ ውስጥ ነቀርሳ አለ ካልኩ ታመመች ብላ ትመልሰኛለች» ብላችሁ ትፈራላችሁ። ፍርሃቱ ያለ ምክንያት አይደለም፤ አንቀልለውም። ስለዚህ የትውልድ ሐረጉን በወረቀት አዘጋጅታችሁ፣ ዐረብኛ መጻፍ በምትችል እኅት በኩል «ሰረጣን» (ነቀርሳ)፣ «ረሕም» (ማሕፀን) የሚሉትን ቃላት አስጽፋችሁ ለሐኪሙ በእጃችሁ ስጡት። ለብቻችሁ ማነጋገር እንደምትፈልጉም መጠየቅ ትችላላችሁ። ማዳም ብታውቅም ይህ ተላላፊ በሽታ እንዳልሆነ፣ በምግብ፣ በልብስ፣ በአንድ ቤት በመኖር እንደማይተላለፍ ንገሯት። ደግሞም የዘመድ መታመም እናንተ ታማችኋል ማለት አይደለም። ምርመራ ከመጀመራችሁ በፊት ዋጋውን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ጥያቄውን ያቀረበችልን እኅታችን ይህን ምክር ይዛ ለሦስት እሑድ እናቷን ስትጠይቅ ቆየች። እናቷ በመጀመሪያው ቀን ምንም አልነገሯትም። በሁለተኛው አክስቷ ሲታመሙ ትንሹ ልጃቸው ሦስተኛ ክፍል እንደነበረ ነገሯት፤ ስትቆጥረው አክስቷ ያኔ ገና አርባ አራት ዓመታቸው ነበር። በሦስተኛው እሑድ እናቷ ሳይጠየቁ ስለ ገዛ እናታቸው አወሩ። አያትየዋ ደርግ በወረደበት ዓመት፣ በ1983 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ የወር አበባቸው ከቆመ ከብዙ ጊዜ በኋላ ደም እየፈሰሳቸው ሞቱ። ይህን ለማንም ተናግረው አያውቁም ነበር፤ «ያሳፍራል» ብለው።

እኅታችን ሦስቱን ክብ በደብተሯ ላይ አጥቁራ አሳየችን። እርሷ ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው፤ በሚመጣው ወር ለኮሎኖስኮፒ ቀጠሮ ይዛለች፣ ገንዘቡንም ጓደኞቿ በዕቁብ አስቀድመው ሰጥተዋታል። እናቷን የሚያክመው ሐኪም ደግሞ የተወሰደው ናሙና ለዚህ ጉድለት ይመርመር እንደሆነ እንዲጠየቅ ለወንድሟ ነግራዋለች፤ ምክንያቱም የጂኑ ፍለጋ ከታመመው ሰው ቢጀምር ይሻላል። ወንድሟ የአክስቷን የሕክምና ወረቀት ፍለጋ ወደ ሆስፒታሉ ሄዷል። ለራሱ መመርመሩን ግን «እኔን ምንም አላመመኝም፣ ደግሞ የሴቶች ነገር ነው» ብሎ ገና እሺ አላላትም። እሑድ እንደገና ትደውልለታለች።